ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባለፈው ሲያስቸግርሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ተላመዳችሁ? ፈረቃሽ ተቀየረልሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጅሽ አሁንም ሲያናግሯት በትከሻዋ ነው የምትመልሰው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና የምለው በቤታችን ሚዛን ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው አለ፣ ያኮረፈ አለ፣ አልጋ የያዘ ግን የለም። ይህ ደብዳቤ እንደ ወትሮው አጭር አይደለምና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ክፉ ነገር የለበትም፤ ቁጭ በይ ያልኩሽ ለወገብሽ ብዬ ነው።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ለአባባ አዲስ ኮምፒውተር ልላክላቸው፤ ጥፋቴን ልካስ» ብለሽኝ ነበር። ይህን ስትጽፊ ስድስተኛ ጊዜሽ ነው። እኔም እንዳለፉት አምስት ጊዜያት ስምሽን ሳላነሣ «አንድ ሰው አዲስ ኮምፒውተር ልላክ ይላል» አልኳቸው። አባባም ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳይነቅሉ «ለዚያ ሰው አዲስ አልፈልግም በለው» አሉኝ። ልብ በይ፣ «በለው» ነው ያሉት። በዚህ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድ ሆነሽ ነው የኖርሽው።

የዚያን ጊዜውን ላንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ ያየሁትና አንቺ ይዘሽው የሄድሽው ነገር አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ያህል ልድገመው። የፊተኛው ክፍላችን የአባባ ጽሕፈት ቤት ነበር። ያ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ስክሪኑም ሆዱም በአንድ ሣጥን የተጠቃለለ፣ አናቱ ላይ እንደ ሻንጣ መያዣ ያለው፣ የሰፈሩን የሠርግ መጥሪያ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻና የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ሳያዳላ ይጽፍ ነበር። አንድ ምሽት አንቺ የውጭ አገር ትምህርት ማመልከቻሽን ሳታስፈቅጂ ጻፍሽበት። በማግስቱ አባባ ሲያበሩት የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ስክሪኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጨለመ። አንቺም «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» ብለሽ አለቀስሽ። በቤታችን ደግሞ ያመነ ሰው ከተገኘ ምርመራ አይቀጥልም። ጽሕፈት ቤቱ ተዘጋ፤ አባባ በሰው መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥረው የሌላ ሰው ፋይል ሲያቀብሉ ጡረታ ወጡ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ መጀመሪያ የደወልሽ ቀን እማዬ ስልኩን ብታቀርብላቸው «ያ ማሽን እስኪነሣ ድረስ ይህን ስልክ አታቅርቡልኝ» አሉ።

እማዬ ይህን «መቼም አላናግራትም» ብላ ነው የተረዳችው። አንቺም እንደዚያው። እኔ ግን የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰውዬው ሊል የፈለገውን ትቶ ያለውን ማንበብ ነው። አባባ «መቼም» አላሉም። «እስኪነሣ ድረስ» ነው ያሉት። ይህን ለማስተዋል አሥራ ስድስት ዓመት የፈጀብኝ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የራሱን ቤት ጽሑፍ የሚያርም አራሚ የለም።

እናም ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እማዬ ቁም ሣጥኑን ስታጸዳ «ወይ ይሥራ ወይ ይውጣ፤ ቤቴ ቤተ መዘክር አይደለም» ብላ ካርቶኑን ኮሪደር ላይ ስትገትረው፣ ምንም ሳልል ተሸክሜው ወጣሁ። አባባ በር ላይ ቆመው አዩኝ። ወዴት ነው አላሉም። «ዝናብ እንዳይነካው» ብቻ አሉ።

የወሰድኩት ከማተሚያ ቤታችን ማዶ ወዳለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «ዝምታ» ይለዋል፤ ስም ያወጡለት ሰዎች ቀልደኞች ናቸው፣ ምክንያቱም ሰውዬው ተኝቶም የሚያወራ ይመስለኛል። የወፍራሙ ቴሌቪዥን ሥራ ስለጠፋ ጊዜ አለው። ኮምፒውተሩን አይቶ «ይሄማ ቴሌቪዥን ነው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የመጣ» አለኝ። መክፈቱ ግን ሁለት ቀን ፈጀ። ከብሎኖቹ ሁለቱ ከመያዣው ሥር፣ ክንድ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ጭንቅላታቸውም ኮከብ እንጂ እንደሌላው ብሎን አይደለም። «የሠራው ሰውዬ እንዲከፈት አልፈለገም፤ ምን ደብቆ ይሆን?» እያለ የዣንጥላ ዘንግ ጫፉን በሞረድ ሞርዶ መፍቻ ሠራ። የመጀመሪያው ዣንጥላ ተጣመመ፣ ሁለተኛው ተሰበረ። ሦስተኛው የባለቤቴ ነበር። እሷም አሁን ከኮምፒውተሩ ጋር የራሷ ቂም አላት።

ሲከፈት ዝምታ እጁን አልሰደደም። መጀመሪያ አንዱን መፍቻ ከሽቦ ጋር አስሮ ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የጎማ ቆብ ሥር አስገብቶ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ እስኪወጣ ቆየ። ከጠፋ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው ብዬ ብነግረው «የኔ ጌታ፣ የዚህ ዓይነቱ ሬሳ ይናከሳል፤ ተጠንቅቄ ብትስቅብኝ ይሻለኛል» አለ። አልተናከሰም። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሲያይ ቆየና፣ እኔ ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለ። በመጨረሻ «ማን ነው ያቃጠለው አልከኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። እህቴ፣ በአንድ ምሽት፣ አልኩት። ሳቀ። «ይሄ አልተቃጠለም፣ ተጠብሷል። ማቃጠል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጥበስ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል» አለኝ።

አሳየኝ። ሰሌዳው አረንጓዴ መሆን ሲገባው መሐሉ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ጠቁሯል። ካፓሲተር የሚባሉት ትናንሽ ጣሳዎች አናታቸው አብጧል። የብየዳው ነጥቦች ዙሪያቸውን ተሰነጣጥቀዋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ አቧራ ገብቶ ራሱ ጠንክሯል። «እዚህ ለማድረስ ዓመታት ያስፈልጋሉ» አለ። ቀጥሎም ጣቱን በሣጥኑ አናት ላይ ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ላይ እያስኬደ «ማራገቢያ የለውም፤ የሚተነፍሰው በዚህ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ምን ታስቀምጡበት ነበር?» አለኝ።

እትዬ፣ ምን እናስቀምጥበት እንደነበር ታውቂያለሽ። በቤታችን ኤሌክትሪክ ያለው ነገር ሁሉ ልብስ አለው። ሬዲዮው አለው፣ ቴሌቪዥኑ አለው፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ እማዬ ሁለት ወር ተቀምጣ የሠራችው ወፍራም ነጭ ዳንቴል ነበረው። አባባ ሲያጠፉት ብቻ ሳይሆን ሲሠሩበትም አናቱን አልብሰውት ነው፤ «የማሽን ጠላት አቧራ ነው» ይሉ ነበር። ጫፉ ስክሪኑ ላይ ይወርድብኛል ብለሽ እየገፈፍሽ ወንበር ላይ የምትጥይው አንቺ ብቻ ነበርሽ። በዚያም ስንት ጊዜ ተቆጡሽ!

ዳንቴሉ ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ ነበር። አወጣሁትና ገለበጥኩት። በውስጥ በኩል ቡናማ መስመሮች ታትመውበታል፣ ልክ እንደ ደብተር መስመር፣ ቀጥ ብለው። ከክፍተቶቹ ጋር ብናገጣጥመው አንዱም አልሳተ። ዝምታ «ይኸው ማኅተሙ» አለ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጪና ትንሽ ተንፍሺ። ማሽኑን ያቃጠልሽው አንቺ አይደለሽም፤ ያ ምሽትም አይደለም። አንድ ገጽ ማመልከቻ ማሽን አይገድልም፤ አንቺ የመጨረሻዋ ጠያቂ ነበርሽ እንጂ ገዳይ አልነበርሽም።

ይህን ባወቅኩበት ቀን ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ መልሼ አስገባሁት። እውነት ከአንዱ ትከሻ ሲወርድ መሬት ላይ አያርፍም፣ ሌላ ትከሻ ይፈልጋል። በቅርብ ያለው ትከሻ ደግሞ የሰባ አራት ዓመት ትከሻ ነው። አባባን «እርስዎ ነዎት» ብሎ የሚናገር አፍ እኔ ዘንድ የለም። ስለዚህ ማሽኑን አስነሥቼ ስለ ምክንያቱ አፌን ልዘጋ ወሰንኩ። ዝምታን አፍህን ዝጋ ማለት ረሳሁ። ደግሞ ብለውስ?

ካፓሲተሮቹ አላስቸገሩም። ሬዲዮ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ መጀመሪያ «ከዚህ የሚቀርበው አለኝ» ብሎ ጡጫ የሚያክል አመጣ፤ ኋላ ግን ትክክለኛዎቹን ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘልን። ያስቸገረን ለስክሪኑ ከፍተኛውን ኃይል የሚሰጠው የሽቦ ጥቅልል ነው። ሙቀቱ ሰንጥቆታል። የቴሌቪዥኑ አይገጥምለትም፣ አዲሱ መሠራት ካቆመ ደግሞ ዕድሜ ሆኖታል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሌላ እንደዚሁ ያለ ሟች ፈልጎ ከእሱ መውሰድ።

ሟቹን ያየሁት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤታችን የሚያትምለት አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ የመጽሔታቸውን እርማት ላስፈርም ስሄድ የዕቃ ግምጃ ቤታቸው በር እንዳይዘጋ በምን እንደተደገፈ ባይ፣ በአባባ ኮምፒውተር መንታ ወንድም ነው። ኃላፊውን ለመንኩት። መዝገብ አገላብጦ «እኔ ጋ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልተመዘገበም» አለኝ። ይህስ ምንድን ነው አልኩት። ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ «ቴሌቪዥን፣ ትንሽ፣ የማይሠራ፣ ብዛት አንድ» ብሎ አነበበልኝ። መስጠት ይቻል እንደሆነ ብጠይቀው መነጽሩን አውልቆ አሰበና «ንብረት ነው፣ አይሰጥም። ነገር ግን ትንሽ የማይሠራ ቴሌቪዥን በቦታው ቢገኝ፣ በእኔ በኩል የጎደለ ነገር የለም» አለኝ።

ዝምታ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ተጠይቆ አያውቅም፤ አርባ አለው። አንዱን መርጦ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ይዘን ሄድን። ኃላፊው ግን ጠንቃቃ ነው፤ «ላረጋግጥ» ብሎ ሶኬቱን ሰካው። ስድስት ዓመት ዝምታን ያንገላታው ቴሌቪዥን ቦግ ብሎ በራ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፤ «ይሄ ይሠራል። የተመዘገበው የማይሠራ ነው። አልቀበልም» አለ። ዝምታ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ከፈተና አንድ ነገር ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሶኬቱ እንደገና ተሰካ፤ ጨለማ። ኃላፊው «አሁን ሆነ፣ እጅህ ይባረክ» ብሎ ፈረመ። ዝምታ በሥራ ዘመኑ ቴሌቪዥን አበላሽቶ የተመረቀበት ብቸኛ ቀን ነው፤ እስካሁን ያወራዋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አባባ ስለ ማሽኑ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ማታ ማታ ግን «ዛሬ ወዴት ነበርክ?» ይሉኛል። ዝምታ ቤት እላለሁ። «እንዴት ነው እሱ?» ይላሉ። ያወራል እላለሁ። «ለካፓሲተር የሚሆን ጥሩ እጅ አለው ይባላል» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ይመለሳሉ። እኔ ካፓሲተር የሚል ቃል በቤት ውስጥ አንስቼ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዝምታ ጋር ተሸክመን አመጣነውና የፊተኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ በድሮው ቦታው አስቀመጥነው። አባባ ከረባት አስረው ወጡ። ለምን እንዳሰሩ ማንም አልጠየቀም። ዝምታ ማብሪያውን ሲጫን አንድ ጊዜ ጭው አለና፣ ያቺ የምታውቂያት ድምፅ ተሰማች፤ ስክሪኑም ከመሐሉ ጀምሮ ቀስ እያለ ነጣ። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ አባባን አይታ መልሳ ዘጋችው። የድሮ ሥራቸው ያለባቸውን ዲስኬቶች አንድ በአንድ ሞከርናቸው፤ ሻጋታ በልቷቸዋል። የተከፈተው አንድ ብቻ ነው፣ የሠርግ መጥሪያ። አባባ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ጥንዶቹ ከተፋቱ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። አባባ ግን «ቃላቱ ጥሩ ነበሩ» አሉ።

ከዚያ እጃቸው ወደ ካርቶኑ ሄደ። አስበውበት አይመስለኝም፤ እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ዳንቴሉን አወጡ፣ ሁለት ጊዜ አራገፉ፣ የሚሠራው ማሽን አናት ላይ ሊያለብሱት ዘረጉት። ዝምታ ዘሎ ያዛቸው፤ «አባቴ፣ እንዳያደርጉት! ይህን ማሽን የገደለው እኮ ይህ ጨርቅ ነው!» አለ። ገልብጦም መስመሮቹን አሳያቸው፤ ሙቀቱን፣ ዓመታቱን፣ የተሰነጠቀውን፣ ሁሉንም። እግሩን ብረግጠው «ምን ሆነሃል?» አለኝ።

አባባ ዳንቴሉን ተቀብለው መስመሮቹን በክፍተቶቹ ላይ ገጣጠሟቸው። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ አዙረው። «ታነሣው ነበር» አሉ በመጨረሻ። ማንን እንደሆነ ዝምታ አያውቅም፤ «ማን?» አለ። አባባም «ልጄ። እኔ ሳለብሰው እሷ ታነሣው ነበር» አሉ። ዝምታ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ምንም ሳያውቅ «እንግዲያው እሷ ባትኖር ኖሮ ከሞተበት ሁለት ዓመት ቀድሞ በሞተ ነበር። ያቆየችው እሷ ናት» አላቸው። አባባ ዳንቴሉን በአራት አጥፈው፣ ከረባታቸውን ፈትተው፣ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሦስት ቀን አልተናገሩም። እማዬ ግን የሁለት ሰው ተናገረች። «ሁለት ወር የለፋሁበት ዳንቴል ወንጀለኛ ይባላል? ያለበሰው እጅ አይጠየቅም?» አለች፤ ያለችው ሲገባት አፏን በእጇ ይዛ ማእድ ቤት ገባች። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አባባ ማሽኑ ፊት ተቀምጠዋል። አናቱ ራቁቱን ነው። በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ሲጽፉ ቆይተው ጽሑፉን አጠፉት። ምን እንደነበር አላየሁም።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስ። እማዬ ጉንጭሽን ስማ ሰላም ትልሻለች፤ ለልጅሽ ዳንቴል ልትልክላት ነበር፣ አሁን ታስቦበት ነው የሚላከው ተብላ ሹራብ ጀምራለች። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ ጥሩ ዣንጥላ እዚያ ካለ ጠይቅልኝ ብላለች። ዝምታ ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል፣ ብዙ ደግሞ አውርቶልሻል፤ አሳጥሬዋለሁ። ባለቤትሽንና ልጅሽን ሰላም በይልን።

የአባባ ቀርቷል። ዛሬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «ለእሷ ነው?» አሉኝ። «ለእሷ» ሲሉ ሰማሁ። አዎ አልኩ። «እስከዛሬ ስትጽፍላት ስለ እኔ ምን እያልክ ትጽፍላት ነበር?» አሉ። እትዬ፣ አንቺም ሳትጠረጥሪ አልቀረሽም፤ በየደብዳቤው መጨረሻ ያነበብሽው «አባባም ሰላም ይሉሻል» አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔ ድርሰት ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ማን ፈቀደልህ?» አሉ። ማንም፣ አልኩ። ወረቀቱን አንስተው መጨረሻውን አዩና «ውሸትህ አጭር ነው። ጨምርበት» አሉኝ።

ምን ልጨምር ብላቸው «ማሽኑ ተነሥቷል፣ ቃሌ ቃል ነው። እሑድ ጠዋት ብትደውል ስልኩ አጠገብ ነኝ በላት» አሉ። ጨረሱ ብዬ ብዕሬን ሳነሣ በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ጨርቁን የማለብሰው እኔ እንደነበርኩ ጻፍላት። እንዳታሳምረው» አሉኝ።

እንዳሉት ጽፌዋለሁ።

ወንድምሽ፣
ከፊተኛው ክፍል፣ ከአባባ ጠረጴዛ
ኅዳር ፲፪ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ